የቀይዋ ሙስታንግ ሙግት

የሞተ ሰው ጽሕፈት ከሕያው ሰው ጽሕፈት በምንም አይለይም። ፈቲሀን ያስደነገጣትም ይኸው ነው። ቀለሙ ተራ ሰማያዊ እስክርቢቶ ነው፤ ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ነው። «ለ»ዋ ግን አንድ እግሯን አሳጥራ ወደ ግራ የምታዘም፣ በዚህ ምድር ላይ አባቷ ሀጂ ሸረፋ ብቻ የሚጽፏት «ለ» ናት። ሀጂ ሸረፋ ደግሞ ቡታጅራ አፈር ከለበሱ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አልፏቸዋል፤ አላህ ይርሀማቸው።

እሑድ ረፋድ ነበር። ከዘቢዳር ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶት የእንሰቱ ቅጠል ያንጠባጥባል። ፈቲሀ ሸራውን ገልጣ፣ ከቀይዋ አሮጌ ሙስታንግ ገብታ፣ የዳሽቦርዱን ኪስ የከፈተችው የዑመይርን ደብዳቤ ፍለጋ ነው። የዑመይር ደብዳቤ እንደ ልማዱ በፊልትሮ ካርቶን ቁራጭ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ከሱ ስር ግን ይሄኛው አለ።

«አንተ ሰው፣ ዛሬም ይቺን ብረት ማወደስህን አልተውክም? እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ቤቴን ባዶ ያስቀረች እሷ ናት።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወንበሩን በመዳፏ ስትነካው የሞቀ መሰላት። አባቷ ለጁምዓ ሲወጡ የሚቀቡት ሽቶም አፍንጫዋ ስር መጣ። በስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለው የአባቷ መቁጠሪያ ሙስበሃ ንፋስ በሌለበት ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። እሷው በሩን ስትከፍት ነክታው ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ወረቀቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች፤ ቤት እስክትደርስም ወደ ኋላዋ አላየችም።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ሀጂ ሸረፋ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። መርካቶ ከርመው ለአረፋ ወደ አገራቸው የሚገቡት በዚህችው ሙስታንግ ነው። የሞቱትም መሪዋን እንደያዙ ነው። ልባቸው ጥያ ድንጋዮቹ አጠገብ ቀጥ አለ፤ መኪናዋ ግን ማንም ሳይነዳት ዳር ይዛ ቆመች ይባላል። ሰው ሲደርስ ሞተሯ ገና እየሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ትኖራለች። ሞተሯ እንዳይደርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መካኒኩ ዑመይር እየመጣ ያስነሳታል። ዑመይር ስለዚህች መኪና የሚያውቀውን ሁሉ፣ አፈታቷንም አወዳደሷንም፣ ከሀጂ አፍ ነው የሰማው።

ፈቲሀና ዑመይር የተዋደዱት በጭቅጭቅ ነው። እሷ ወልቂጤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እሑድ ረፋድ ቡታጅራ ገብታ ሰኞ ማለዳ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ጥገናው ወደ እሑድ ተሻግሮበት ኮፈኖው ስር አንገቱን ቀብሮ አገኘችውና «ይሄን ነው አሪፍ የምትሉት?» አለችው። ቀና ብሎ አያት። እናንተዬ፣ አንዳንድ አስተያየት አለ፣ ሰው ከነእዳው የሚወርሰው። ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩ ጀመረ፤ ስልኩን አጎቷ ሰይዶ ደረሱበት። መካኒክ የሀጂ ሸረፋን ልጅ! ቁርዓን አስይዘው አስማሏት። «ያለ ቤተሰቤ ፈቃድ አልደውልለትም፣ ዓይን ለዓይን አላየውም» ብላ ማለች። ስለ ወረቀት ግን የተነሳ ነገር አልነበረም፤ ፈቲሀም አላስታወሰቻቸውም።

እሱ ቅዳሜ ጠዋት በዳሽቦርዱ ኪስ ያስቀምጣል። እሷ እሑድ ትወስድና መልሷን ከሾፌሩ ወንበር ምንጣፍ ስር ትከታለች። ሰው ቢያገኘው ጣጣ እንዳይመጣ ስም አይጻፍም፤ የሚጻፈውም ስለ መኪናዋ ብቻ ነው። የተረታ የረታውን ቃል ሊቀበል ተስማምተዋል፤ የዑመይር ቃል ደግሞ የጋብቻ ጥያቄ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

«ድምፅ አላት» ይላል እሱ። «የዘመኑ መኪና እንደ ድመት ተሸሽጎ ነው የሚመጣው። እሷ ከቆሼ መገንጠያ ስትነሳ ግን ቡታጅራ ያለ ሰው በር ይከፍታል። የሚጠብቅሽ ሰው መምጣትሽን አስቀድሞ ካወቀ፣ ከዚህ በላይ አሪፍ ነገር ምን አለ?»

«በኤሌክትሪክ በሚሄድ መኪና ዘመን» ትላለች እሷ፣ «ስምንት ሲሊንደር ይዛ ዳገት ላይ የምታቃስት መኪና ምኗ ነው አሪፍ? ቤንዚን እንደ ውኃ ትጠጣለች። በሯ ሁለት ብቻ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን አገጩ ላይ ነው የሚያሳድረው። ይሄ ውበት ከሆነ ጋሪም ውብ ነው።»

እንግዲህ በዚህ ጨዋታ መሃል ነው ሦስተኛው እጅ የገባው።

ፈቲሀ የአባቷን ጽሕፈት ከመልሷ ጋር አጥፋ ለዑመይር ተወችለት። በሳምንቱ የዑመይርን መልስ ስታወጣ ሌላ የደብተር ወረቀት አብሮ ወጣ።

«ጽሕፈትህ ጠሟል። እጅህ ደክሞ መሰለኝ። እዚያ ብርድ ነው እንዴ? እኔ ሞተሯ በተነሳ ቁጥር ልቤ ይነሳል፣ ከዚያ ባዶ ነው። እስከ መቼ እንዲህ እንሆናለን? ወይ ና፣ ወይ ተወኝ።»

የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ቆየች። ይሄንንም ከመልሷ ጋር አጥፋ ለዑመይር ተወችለት።

የዑመይር የመጨረሻ ደብዳቤ በቀጣዩ እሑድ ደረሳት፤ ኪሱን መንካት ፈርቶ ነው መሰል፣ ያስቀመጠው እሷ መልሷን ከምትተውበት ምንጣፍ ስር ነው። ሁለቱንም ወረቀቶች አይቶ አብሮ መልሷቸዋል። «አባትሽ እኛ ያለንበትን ነው ‘እዚያ’ የሚሉት። ደግሞ ና ይሉኛል። ሀጂ እንዲህ አድርገው ከጠሩኝ የምሄደው ወዴት ነው? የእጃቸውን ሙያ በላሁ፣ ልጃቸውን ደግሞ ከኋላቸው ተመኘሁ። ተቀይመውኛል። ከሙት ጋር አልሟገትም ፈቲሀ። ሙግቱን አንቺ ረታሽ፤ መኪናዋ አሪፍ አይደለችም።»

ስሟን ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው። የመጨረሻውም እንዳይሆን ፈራች። በቀጣዩ ቅዳሜ ራሴን አሞኛል ብሎ ቀረ። መርታት እንዲህ ያስለቅሳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

አረፋ ደረሰ። ያን ሰሞን ጉራጌ ካለበት ሁሉ ወደ ቡታጅራ ይተማል፤ ሚኒባሱ ጣሪያው ላይ ፍየል ጭኖ ይገባል። አጎቷ ሰይዶም ከአዲስ አበባ መጡ። አብሯቸው ሀያቱ የሚባል የመርካቶ ነጋዴ መጣ፤ ፈቲሀን ለማግባት ሽማግሌ የላከው እሱ ነው። ሀያቱ ክፉ ሰው አይደለም። አዲሷ ኤሌክትሪክ መኪናው ግቢ ስትገባ አንድም ሰው አልሰማትም፤ ዶሮዎቹ እንኳ ጎማው አጠገባቸው እስኪደርስ አልተነሱም። የእናቷ ቃል በበዓሉ ከሰዓት፣ ሥጋው ከተበላ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ይሰጣል ተባለ።

በዋዜማው፣ በሴቶች አረፋ ቀን፣ ቤቱ በቅቤና በጎመን ክትፎ ሽታ ታፍኖ ሴቱ ሁሉ ሲሯሯጥ ፈቲሀ ሹልክ አለች። አመሻሽ ነው፤ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ ነው። ዑመይር ምናልባት ጸጸት ይዞት ይሆናል ብላ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ከሸራው ስር ብርሃን ነበር። የመኪናዋ የጣሪያ መብራት በርቷል፤ ባትሪው ሁለት ሳምንት ስላልተሞላ ዳምኗል። ክላክሱ አንዴ፣ አጭርና የታፈነ ድምፅ አሰማ። በፊት ወንበር፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ነጭ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። የአባቷ ሽቶ እስከ እሷ ድረስ መጣ። ፈቲሀ መሮጥ ፈለገች፤ ግን ቢስሚላህ ብላ በሩን ከፈተችው።

እናቷ ዛህራ ናት።

«ዝጊው፤ ዝናቡ ይገባል» አለች እናቷ። እጇ መሪው ላይ ተንሸራቶ ክላክሱን እንደነካው አላስተዋለችም። ፈቲሀ ከሾፌሩ ወንበር ገብታ ዘጋችው።

«እማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ለአባትሽ እየጻፍኩ።»

ፈቲሀ እናቷን እንደ ባዕድ አየቻት። ይቺ ሴት ለቤት ካርታ፣ ለቀበሌ፣ ለማንኛውም ወረቀት አውራ ጣቷን ስትቀባ ነው የኖረችው። «አንቺ ፊደል አታውቂም» አለቻት።

«አባትሽ ነው ያስተማረኝ፣ እዚህችው ወንበር ላይ። ወደ አረቅጥ ጨርቅ ይዘን ስንወጣ መንገድ ዳር አቁሞ እጄን በእጁ ይዞ ያስጽፈኛል። ከሱ በቀር ፊደሌን ያየ የለም፤ እንዲያይም አልፈለግኩም። ከመርካቶ ሲመጣ ደብዳቤ እዚህ ኪስ ውስጥ ይዞልኝ ይገባል፤ ሲመለስ መልሴን እዚሁ አስቀምጥለታለሁ። የምንጨቃጨቀው ደግሞ ስለዚህች ብረት ነበር።» እናቷ ዝቅ ብላ ሳቀች። «አሁን እንደገና ይጽፍልኛል ፈቲሀ። ቅዳሜ ሞተሯ ከተነሳ ከሰዓት መጥቼ ሳይ አገኛለሁ። ያኔ ይለኝ የነበረውን ያንኑ ይላል፤ ድምፅ አላት፣ በር ታስከፍታለች ይላል። ለሰው ልንገር ብል አበደች ይሉኛል። ግን መልሴን ስተውለት ይወስደዋል። በበነጋው ሳይ የለም።»

የፈቲሀ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ነበር። እናቷ የምትላቸው ወረቀቶች ሁሉ እዚያው ውስጥ ናቸው።

«ሁለት ሳምንት ዝም አለኝ» አለች እናቷ። «ወይ ና ወይ ተወኝ ስላልኩት ከፋው መሰለኝ። ዛሬ ግን ግድ ሆነብኝ።» ወረቀቱን ዘረጋችላት። እነዚያ ያዘመሙ «ለ»ዎች ተሰልፈዋል።

«ሰይዶ ልጃችንን ለሀያቱ ስጫት ይላል። ሰውየው ደህና ነው። ልጅቷ ግን ከስታለች። እኔ መፍረድ አልቻልኩም። አንተ ምን ትላለህ? እስከ ነገ መልስልኝ። ያልከውን አደርጋለሁ።»

ፈቲሀ ከመኪናዋ ስትወጣ ፍርሃቱ ሄዷል። በምትኩ ከፍርሃት የከፋ ነገር ገብቷል። የምትመኘው ሁሉ በሁለት ቃል ሊፈጸም ነው። ጓዳ ገብታ ካርቶን ቀደደች። የዑመይርን እጅ ከራሷ እጅ ይልቅ ታውቀዋለች። «ለዑመይር ስጫት» ብላ ጻፈች። ዝናቡ ሲያባራ ከዳሽቦርዱ ኪስ ከተተችው፤ የእናቷንም ጥያቄ ወሰደች። ማንን ጎዳሁ፣ አለች ለራሷ። አባዬስ ቢኖር ዑመይርን ይወድ አልነበረም እንዴ?

በማግስቱ የበዓሉ ሶላት ተሰግዶ፣ በሬው ታርዶ፣ ወንዱ ሁሉ ቢላዋ ይዞ ሲከበብ ፈቲሀ በመስኮት ታያለች። እናቷ ከመኝታ ክፍሏ ወጣች። ዓይኗን ተኩላለች። እጇ ላይ ሂና አለ። ለሠርጓ የተገዛላትን፣ ሦስት ዓመት ከሳጥን ያልወጣውን ሻሽ አስራለች፤ የባሏን ሽቶም አንገቷ ላይ ነክታለች። እርምጃዋ እንደ ልጃገረድ ነው። ደብዳቤዋን ልትወስድ ነው የምትሄደው።

ፈቲሀ በባዶ እግሯ ጭቃውን እየረገጠች ሮጣ ከመኪናዋ በር ላይ ደረሰችባት።

«እማ፣ አትክፈቺው።»

«ለምን?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። የዛሬውን እኔ፣ የፊቶቹን ዑመይር። ለኔ ነበር የሚጽፈው። ያንቺን ስናይ የአባዬ እጅ መሰለንና ሞተን ነበር። ወረቀቱን የምወስደውም እኔ ነኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ ሁሉንም ሰጠቻት። «አባዬ አልጻፈም እማ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እናቷ ወረቀቶቹን ተቀበለች። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የራሷን ጽሕፈት፣ የዑመይርን ካርቶን። ከዚያ በሩን ከፍታ የመጨረሻውን አወጣችና አነበበችው። የተኳለችው ኩል በጉንጯ ወረደ።

«ብትተይው ኖሮ ለዑመይር እሰጥሽ ነበር እኮ» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ሁለተኛ እንድትታለይ አልፈለግኩም። ተውበሽ ስትወጪ አየሁሽ።»

እናቷ ወረቀቶቹን አጥፋ ጉያዋ ከተተች። «ዑመይር ለምን ዝም አለ?»

«አባዬን ፈርቶ። ወይ ና የተባለው እሱ መስሎት።»

«ሸረፋን ፈርቶ?» እናቷ እያለቀሰች ሳቀች። «ሸረፋ እኮ ዶሮ እንኳ እሽ ብሎ አያውቅም።» ሌላ ምንም ሳትል ወደ ቤት ተመለሰች። ፈቲሀ ጭቃው ላይ ቆማ ቀረች፤ ምን እንደሚፈረድባት አታውቅም፤ ልቧ ግን ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሏት ነበር።

ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አጎቷ ሰይዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ዛህራ፣ ያንቺ ቃል ብቻ ነው የቀረው።»

«ወረቀትና እስክርቢቶ ስጡኝ» አለች እናቷ።

«ወረቀት ምን ያደርግልሻል? በአፍሽ ንገሪን እንጂ» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ፈቲሀ ግን ገባት። እናቷ ከባሏ በቀር ማንም ያላየውን፣ ሠላሳ ዓመት የደበቀችውን ነገር በዚህ ሁሉ ወንድ ፊት ልታወጣ ነው። ተይ ልትላት ብድግ አለች፤ እናቷ በዓይኗ መልሳ አስቀመጠቻት።

ወረቀቱ መጣ። ዛህራ ተደፍታ ጻፈች። ሳቁ ቆመ፤ በግቢው የሚሰማው የእስክርቢቶው ድምፅ ብቻ ሆነ። ስትጨርስ ለሰይዶ ሰጠቻቸው። ሰይዶ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወረቀቱን አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት፣ ከዚያ ሰው እንደሚፈልጉ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

«ይሄ የወንድሜ እጅ ነው» አሉ።

«ወንድምህ ያስተማረኝ ነው» አለች ዛህራ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። «ፈቲሀን ለዑመይር ሰጥቻለሁ። ሸረፋ ቢኖር ይህንኑ ይል ነበር። ባይልም ተሟግቼ እረታው ነበር። ዛህራ።»

ሰይዶ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ወንድሜ በእጁ ከጻፈው ላይ እኔ አንዲት ፊደል አልፍቅም» አሉና ለዱዓ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሀያቱ ተነሳ፤ ሽማግሌዎቹን ተሰናብቶ፣ ለዛህራ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ። መኪናው ከግቢው መቼ እንደወጣች የሰማ የለም።

ለዑመይር የደወሉለት ራሳቸው ሰይዶ ናቸው። ሲመጣ የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ከፈቲሀ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ዓመት ሙሉ በወረቀት ያልተባለው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተባለ። ወደ ሙስታንጓ ሂድ ሲሉት ግን እግሩን ጎተተ።

«ወይ ና ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው ዛህራ። «ላንተም አልነበረም። ቁልፉ ይኸው። እስከ ጥያ መንገድ ድረስ ንዳን፤ ሸረፋ የቆመበትን አላየሁትም።»

ሸራው ተነሳ። ቀዩ ቀለም በአመሻሹ ብርሃን ጠቆር ብሎ ታየ። ዛህራ የፊቱን ወንበር አጥፋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ወደ ኋላ ገባች። ፈቲሀ ከዑመይር ጎን ልትቀመጥ ወንበሩን ስትመልስ እናቷ እጇን ያዘቻት።

«አንቺም ወደዚህ ነይ። ከፊት ሰው አለ።»

ፈቲሀ ወደ ኋላ ገባች፤ ጉልበቷ እውነትም አገጯ ላይ ደረሰ። ዑመይር መሪውን ያዘና ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል ብሎ «አሰላሙ አለይኩም፣ ሀጂ» አለ። ቁልፉን አዞረ። ባትሪው ደክሞ የነበረው ሞተር፣ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ የሚለማመጡት ሞተር፣ በመጀመሪያው ተነሳ። ግቢው ተንቀጠቀጠ። እስከ አስፋልቱ ድረስ በየቤቱ በር ሲከፈትና ሰው ብቅ ሲል ፈቲሀ በመስኮቱ አየች። ሰዉ በዝምታ እጁን ያነሳ ነበር፤ ወደ ማን እንደሚያነሳ እንጃ።

«አሪፍ ናት» አለች ፈቲሀ ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

ዑመይር በሞተሩ ጩኸት አልሰማትም። በስፖኪዮው አያትና «ምን አልሽ?» አለ።

ልትደግመው አፏን ስትከፍት እናቷ መዳፏን ጨመቅ አደረገቻት። ዓይኗ ከባዶው የፊት ወንበር ላይ ነበር።

«ተይው፤ ሰምቶሻል» አለቻት።